ስገድልኝ

ይህ ማስታወሻ የ2006 ዓ.ም. ነው። ደብተሩ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ጀርባ ወድቆ ኖሮ ሰሞኑን ቤት ሳጸዳ አገኘሁት። ያን ጊዜ ሰው ከአዲስ አበባ ላሊበላ ድረስ በመኪና ሳይሰጋ ይሄድ ነበር። በጥድፊያ የጻፍኩትን ትንሽ አስተካክዬ፣ ያኔ ያልገባኝን ነገር እዚህም እዚያም ጨምሬ እነሆ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሣሁ። እናቴ ቀድማኝ ተነሥታለች። በሶና ቆሎ በፌስታል ቋጥራለች። አንድ እስር ጧፍ ደግሞ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። በሩን ልከፍት ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ለእኔ ምንም እንዳትለምንልኝ» አለች። «ስገድልኝ ብቻ። አርባ አንድ።»

እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ሦስት ዓመት አልፏል። ከዚያ በፊት ስግደት ላይ ማን ይችላት ነበር! በሰሙነ ሕማማት ከጠዋት እስከ ሠርክ ስትሰግድ ውላ፣ ቤት ገብታ ጉልቻ ሥር ስትሠራ አውቃታለሁ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መቀመጫ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል። «ስግዱ» ሲባል ተቀምጣ አንገቷን ትደፋለች። አንድ ጊዜ «ሰው ሁሉ መሬት ወድቆ እኔ ብቻ ስቀር፣ ንጉሥ ሲገባ ያልተነሣሁ ይመስለኛል» ብላኝ ነበር። ከጉልበቷ ሕመም ይልቅ የሚያማት ይኼ ነው።

እኔ ግን የምሄደው ልለምን ነበር። ዳዊቴ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። ሦስት ነገር ጽፌበታለሁ። የሥራ ዕድገት፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣና የእህቴ የውጭ ጉዳይ። በቁጥር ደርድሬ ነው የጻፍኩት፣ እንዳልረሳ።

አውቶቡሱ ሲነሣ አብረውን የሚጓዙት ቄስ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት አደረሱ። ከዚያ መዝሙር ተጀመረ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ መስኮቱን አልፎ ይገባል። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጋቢያችንን እያወለቅን፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ላብ በላብ ሆንን። ምሳ ሽሮ በልተን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ደሴ የገባነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ቤርጎ ተከራይተን ሦስት ሦስት ሆነን አደርን።

ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እማሆይ ነበሩ። አልተኙም መሰለኝ። ሌሊት ለሽንት ስወጣ በረንዳው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመው ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ሐይቅን በመስኮት ተሳለምናት። ውኃው ላይ የጠዋት ጭጋግ ተኝቷል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያፈሩባት ገዳም እዚያ ማዶ ናት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። መውረድ ፈልጌ ነበር፤ ጊዜ አልነበረንም።

ከወልዲያ በኋላ ዳገቱ ተጀመረ። ጋሸና ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ሰው ይጥላል። ከዋናው መንገድ ወደ ላሊበላ ስንታጠፍ አቧራው ውስጥ ሰዎች መታየት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ነበሩ። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሰልፍ። በእግር የሚመጡ ተሳላሚዎች ናቸው። ነጭ የነበረ ጋቢያቸው የመንገዱን መልክ ይዟል። ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው ይሄዳሉ። የአውቶቡሳችን አቧራ ሲሸፍናቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ ከዚያ እጃቸውን እያነሡ ሰላም ይሉናል።

መዝሙራችን ቀስ በቀስ ቆመ። ማንም አቁሙ አላለም። እኔም የተቀመጥኩበት ለስላሳ ወንበር ኮሰኮሰኝ።

ላሊበላ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማዋ ቀድሞ ሮሐ ትባል ነበር። ስሟ የተለወጠው ከዛጉዌ ነገሥታት በአንዱ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በቅዱስ ላሊበላ ነው። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ይህን ሁሉ ከመሄዴ በፊት አንብቤአለሁ። ያላነበብኩት ግን ስትደርስ ምንም የማይታይ መሆኑን ነው። ሌላ አገር ካቴድራል ከሩቅ ይታያል። እዚህ ቤተ ክርስቲያኑን ለማየት አፋፉ ድረስ ሄደህ አንገትህን ደፍተህ ወደ ታች ማየት አለብህ። ቆመህ፣ ደረትህን ነፍተህ የምታየው ነገር የለም።

ማደሪያችን የአንድ ሰው ግቢ ውስጥ የተጣለ ዳስ ነው። ሣር ጎዝጉዘውልናል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27

ዕለቱ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ቀኑ ደግሞ ሰንበት። ቤተ መድኃኔ ዓለም ለማስቀደስ በሌሊት ወጣን። ጫማችንን ከላይ አውልቀን ቁልቁል ወረድን። ድንጋዩ እግር ይበላል፤ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበት ይወጣል። «የቆምህባት ስፍራ የተቀደሰች ምድር ናትና ጫማህን ከእግርህ አውጣ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰፈሬ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግን ጫማዬን የማወልቀው ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ይመስል ነበር።

ውስጡ ሞልቷል። እኔ ውጪ፣ በግድግዳውና በተቆረጠው ዓለት መካከል ቆምኩ። ከሌሎቹ ከአሥሩም ይህኛው ትልቁ ነው። ርዝመቱ ከ33 ሜትር ያልፋል፤ ቁመቱ 11 ሜትር ገደማ ነው። ውስጥና ውጪ ያሉት ዓምዶች 72 ናቸው፤ ካህናቱ በ72ቱ አርድእት ቁጥር ይሉታል። ከላይ ከዝናብ እንዲከላከል ተብሎ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ የተተከለው መጠለያ አለ። አላማረኝም፤ ግን ድንጋዩ እየተሰነጠቀ ነው፣ ምን ይደረግ።

ቆሜ የድንጋዩን የመጥረቢያ ምልክት ሳይ አንድ ነገር ገረመኝ። ይህ ቤት የተሠራው ከጣሪያው ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ዙሪያው ተቆፍሮ አንድ ትልቅ ድንጋይ መሐል ቀረ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ተጠረበ፤ ጣሪያ፣ መስኮት፣ በር፣ ወለል። ግንበኛ ግድግዳው ባደገ ቁጥር እርሱም ከፍ ይላል። የላሊበላ ጠራቢ ሥራው በሰመረ ቁጥር ዝቅ ይላል። በመጨረሻ ወለሉን ሲያስተካክል ተንበርክኮ መሆን አለበት። ደግሞ ስሕተት አይፈቀድም። የተገነባ ግድግዳ ቢጣመም ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ከዚህ ዓምድ አንድ ክንድ ያለ ቦታው ቢቆረጥ ግን የሚለጥፈው የለም። መዶሻ ባነሱ ቁጥር ፈሪሃ እግዚአብሔር በእጃቸው ውስጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ በሥራዬ ላይ እንደዚያ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ቅዳሴው ቀጥሏል። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» አሉ፤ ልባችሁን ከፍ አድርጉ። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ሆኖ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» አለ፤ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን። እኔም አልኩ። ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቃሉ በአፌ ያለ ነው። ዛሬ ግን ካልኩት በኋላ ደነገጥኩ። ልቤ የት ነበር? ቢሮ። ከአለቃዬ ጋር ያልጨረስኩትን ክርክር በሐሳቤ እየጨረስኩ ነበር። ካህኑ ልባችሁ የት አለ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት፣ በመሠዊያው አጠገብ ቆሜ ዋሸሁ። በየሳምንቱ ስዋሽ ኖሬአለሁ። በኢሳይያስ «ይህ ሕዝብ በከንፈሩ ያከብረኛል፤ ልቡ ግን ከእኔ እጅግ የራቀ ነው» የሚለው ለጥንት እስራኤል ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ዲያቆኑ «ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ሲል ሕዝቡ «ቅድሜከ እግዚኦ ንሰግድ ወንሴብሐከ» ብሎ ወገቡን አጎነበሰ። በፊትህ እንሰግዳለን፣ እናመሰግንሃለንም ማለት ነው። እኔ የእናቴ አደራ ትዝ ብሎኝ በግንባሬ ልወድቅ ጎንበስ ስል አንድ እጅ ትከሻዬን ነካ። የደሴዋ እማሆይ ናቸው።

«ዛሬ ሰንበት ነው ልጄ» አሉኝ በለሆሳስ። «ዛሬ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ነገ ገሃድ ነው፤ ያኔ ትሰግዳለህ።»

ከቅዳሴ በኋላ አንድ ካህን አጠገባችን ቆመው ስለ ቤተ መድኃኔ ዓለም የወርቅ መስቀል ነገሩን። አፍሮ አይገባ ይባላል። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከቤልጅየም ተመለሰ። እኔ ስሙን ወደድኩት። ወደ እርሱ የመጣ አፍሮ አይመለስም ማለታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ በማዶ ያሉትን ተሳለምን። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር ዋሻ አለ። ሲኦል ይሉታል። መብራት አይበራበትም፤ ቀዳዳ የለው፣ መስኮት የለው። ዓይንህን ብትከፍትም ብትጨፍንም ያው ነው። ግድግዳውን በግራ እጅህ እየዳሰስክ፣ ቀኝ እጅህን ከራስህ በላይ አድርገህ ትሄዳለህ። ፊት ለፊቴ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ በየሁለት እርምጃው «እግዚኦ» ይላሉ። ድምፃቸውን ተከትዬ ወጣሁ። ብርሃኑ ሲታይ ሁላችንም በአንድ ላይ እልል አልን። ምን ያህል ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ ለመፍራት ግን ይበቃል። ከፍርሃቱ ጋር የመጣውን ደስታ ደግሞ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ጎሕ ሲቀድ ብቻዬን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ከሌሎቹ ተለይቶ የቆመ ነው። አፋፉ ላይ ስትቆም ጣሪያው ከእግርህ ሥር፣ በመስቀል ቅርጽ ተዘርግቶ ይታያል፤ መስቀል ውስጥ መስቀል ውስጥ መስቀል ተቀርጾበታል። መጠለያ የለውም። ድንጋዩ ቀይ ነው፤ እርጥበት የነካው ቦታ ላይ ሽበት ጣል አድርጎበታል። ወደ ታች አልወረድኩም። እዚያው ዳር ላይ፣ ሰው የማያልፍበት ቦታ መርጬ ነጠላዬን አመሳቀልኩ።

መቁጠሪያዬን ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ለእናቴ ነው ብዬ በፍጥነት ሰገድኩ። ጉልበት፣ መዳፍ፣ ግንባር። ድንጋዩ ሻካራ ነው። ከአሥራ አምስት በኋላ ትንፋሽ አጠረኝ። ልመናዎቼ አንድ በአንድ መጡ። ግንባሬ መሬት ሲነካ «ዕድገቱን»፣ ስነሣ «ዕጣውን» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ወረቀቱን ማውጣት አላስፈለገኝም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሃያ ላይ ቆምኩና አረፍኩ። የእናቴ ቃል መጣብኝ። ለእኔ ምንም እንዳትለምንልኝ።

ለምን እንደዚያ አለች? ጉልበቷን እንዲያድንላት ብለምንላት ምን ነበረበት? ቆሜ አሰብኩት። እናቴ ጉልበቷ እንዲድን መጸለይ ያቃታት ሰው አይደለችም። የቀረባት ነገር ጤና ብቻ ቢሆን ጤና ትለምን ነበር። የቀረባት መስገድ ነው። እግዚአብሔር ጌታ ነው፣ እኔ አፈር ነኝ ብሎ በሙሉ አካል መናገር ነው የናፈቃት። እኔ ጉልበት ያለኝ ሰው ግን ያን ነገር መንገድ አድርጌው ነበር፤ ወደ ልመናዬ የማልፍበት።

ከሃያ አንድ ጀምሮ ቀስ ብዬ ሰገድኩ። ስወርድ «ለአንተ ይገባል» እላለሁ። ስነሣ ዝም። «ኑ፥ እንስገድ ለእርሱም እንገዛ፤ በእርሱ በሠራን በእግዚአብሔር ፊት እንበርከክ» የሚለውን መዝሙር እያወቅኩት ኖሬ፣ «በእርሱ በሠራን» የሚለውን ዛሬ ሰማሁት። የምሰግደው ይሰጠኛል ብዬ ሳይሆን፣ ሠርቶኛል ብዬ። ሠላሳዎቹ ላይ ቁጥሩ ተምታታብኝና ሁለት ሦስት ደገምኩ። እናቴ ታተርፍ እንጂ አትጎድልም ብዬ ቀጠልኩ። ስጨርስ መዳፌ ቀልቷል፤ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ የድንጋዩን አቧራ ይዟል። ፀሐይ ጣሪያውን ነክታ ነበር።

ወደ ዳሳችን ስመለስ የከተማዋ መግቢያ ላይ ወጣቶች ሳፋ ደርድረው አየሁ። ትልልቅ ድስት ላይ ውኃ ይሞቃል። በእግራቸው የሚመጡትን ተሳላሚዎች እያስቀመጡ እግራቸውን ያጥባሉ። የላሊበላ ልጆች ወጋቸው ነው። እኔም ጀሪካን ተቀበልኩና ውኃ ማመላለስ ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ልጅ «ና አንተም እጠብ፣ ሰው በዛብን» አለኝ።

ፊቴ የተቀመጡት እናት እግር እግር አይመስልም። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ከጎጃም፣ ከቢቸና በኩል ነው የመጡት። አሥራ ሁለት ቀን ሄደዋል። እግራቸውን ስይዝ ሊያስለቅቁኝ ታገሉ።

«ተው፣ ተው የኔ ልጅ! ያንተ እጅ ለዚህ ነው እንዴ?»

«ይፍቀዱልኝ እናቴ፤ በረከት ላግኝ።»

ዝም አሉ። ውኃው አንዴ ሲፈስ ቀይ ሆነ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሳጥብ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል ጠየቅኳቸው። «ምን ሊለምኑ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡ?»

ቀና ብለው አዩኝ። የገረማቸው ይመስላሉ።

«አራስ ልጠይቅ ነው የመጣሁ እንጂ! አራስ ቤት ገብቶ ስጡኝ የሚል ሰው አለ?» አሉ። ከዚያ ከጉያቸው አንድ የተቋጠረ ጨርቅ አወጡ። ዕጣን ነው። «ባዶ እጅ ደግሞ አይገባም።»

እንዲህ አድርጎ የልደትን በዓል የነገረኝ ሰው የለም። ስብከት ሰምቻለሁ፤ ደግሞም ጥሩ ጥሩ ስብከት። ግን ይህቺ እናት በአንዲት ቃል ሰብአ ሰገልንም፣ እረኞቹንም፣ እኔንም ቦታ ቦታችንን አስያዘችን። ሰብአ ሰገልም እኮ ወድቀው ሰገዱለት፤ ሣጥናቸውን ከፍተው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ሰጡት። አንድም ነገር ስለ መለመናቸው ወንጌሉ አይናገርም። ማቴዎስን ስንት ጊዜ አንብቤ ይህን አላስተዋልኩም።

እግራቸውን በነጠላዬ ጫፍ አድርቄ ሳምኩት። መረቁኝ። ምርቃቱን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ማታ ማኅሌት ቆምን። ቤተ ማርያም አካባቢ መድረሻ አልነበረም። ከአፋፉ ላይ፣ ከቋጥኙ ሥር፣ ከየደረጃው ሰው ነው፤ በነጭ የተሸፈነ ሰው። በየቦታው ጧፍ ይበራል። የእናቴን ጧፍ እኔም አበራሁ፤ ከጎኔ ላሉትም አካፈልኩ። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ዜማውን በዝግታ ጀመሩ። ዝማሜው መጣ፤ ጸናጽሉ ተከተለ፤ ከበሮው መጨረሻ ላይ ገባ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ አይቸኩልም። እንደ መቋሚያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያለ፣ እያለ፣ ሳታውቀው አካልህን ይዞህ ይሄዳል። ከበሮውን የሚመታው ወጣት ደብተራ በላብ ተጠምቋል፤ ያውም በዚያ ብርድ። አፉ ይዘምራል፣ እጁ ይመታል፣ እግሩ ይሸበሽባል፣ ዓይኑ ተከድኗል። ከእርሱ ተርፎ ሌላ ቦታ የቆመ ነገር አልነበረም።

ሌሊቱን ቅዳሴ ተቀደሰ። ጾመ ነቢያት ተፈታ። ጎኔ የነበረ ሰው ከቋጠሮው ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። እኔም በሶዬን በጥብጬ ሰጠሁት። ስሙን አልጠየቅኩትም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፤ ልደት

ቤዛ ኩሉ።

በጠዋት በቤተ ማርያም ቅጥር ዙሪያ ያለው ዓለት ላይ፣ ማሜ ጋራ በሚሉት ቦታ ካህናቱ በሰልፍ ቆሙ። ከእነርሱ ሥር፣ ግቢው ውስጥ ሌሎቹ ቆሙ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይላሉ። እኔ ከማዶ ካለው አፋፍ ላይ ተጨናንቄ ቆሜአለሁ። ከላይ ያሉት «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» አሉ። የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። የታቾቹ ተቀብለው መለሱ። ከበሮው መታ። የላዮቹ እንደገና። የታቾቹ እንደገና።

ታኅሣሥ 29 የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም ነው። ንጉሡ ግን በራሱ በዓል ቀን ያዘመረው ስለ ሌላ ንጉሥ መወለድ ነው። ይህንን የነገሩኝ አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ናቸው። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

ካህናቱ አንድ ላይ ዝቅ ይላሉ፤ አንድ ላይ ቀና ይላሉ። ደግሞ ይፈነጥዛሉ። ከአፋፉ ጠርዝና ከእግራቸው መካከል ስንዝር አይሆንም። እኔ ለእነርሱ እፈራለሁ፣ እነርሱ ግን ይዘላሉ። «ለእግዚአብሔር በፍርሃት ተገዙ፥ በረዓድም ደስ ይበላችሁ» የሚለው የዳዊት ቃል ሁልጊዜ ግራ ይገባኝ ነበር። ሰው እየፈራ እንዴት ይደሰታል? ወይ ትፈራለህ፣ ወይ ትደሰታለህ እል ነበር። ገደል አፋፍ ላይ የሚዘምሩ ሰዎች ካየሁ በኋላ ግን ይህ ጥያቄ የለኝም። የቆሙበትን ቦታ ያውቁታል፤ ስለዚህ እግራቸውን ይጠነቀቃሉ። የተወለደውንም ያውቁታል፤ ስለዚህ ዝም ማለት አይችሉም።

ከሥሬ አንዲት ሴት እልል ስትል ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። እልልታው ከአፋፍ ወደ አፋፍ ዞረ። እኔም ጮኼ ዘመርኩ። ዜማው ባይሰምርልኝም ልቤ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያች ሰዓት ሌላ የትም አልነበረም። ስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም። ሲያበቃ እግሬ ደንዝዞ ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

ቀኑን ሙሉ መንገድ። ሁሉም ተኝቷል። ጋሸና ላይ የቢቸናዋን እናት የምታክል አንዲት እናት መንገድ ዳር ስትሄድ አይቼ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። እርሳቸው አይደሉም። ደሴ አደርን።

ሐሙስ፣ ጥር 1

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ቡና አቅርባ እየጠበቀችኝ ነበር። ስለ ቤዛ ኩሉ ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ሰገድክልኝ?»

«ሰገድኩልሽ። አርባ አንድ። ምናልባት ሦስት አራት ይተርፋል።»

«መሬቱ ምንድን ነው? ድንጋይ ነው አይደል? ይቀዘቅዛል?»

ነገርኳት። ድንጋዩ ቀይ እንደሆነ፣ ሻካራ እንደሆነ፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚቀዘቅዝ፣ ግንባር ሲነካው እንደሚቧጥጥ። እያንዳንዱን ጠየቀችኝ። ከቤተ ክርስቲያኖቹ ይልቅ መሬቱን ነው የጠየቀችኝ። ስነግራት ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው።

«አንተስ ምን ለመንክ?» አለችኝ ቆይታ።

ዳዊቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወረቀቱ እንደታጠፈ ውስጡ አለ። በጉዞው ሁሉ አልከፈትኩትም።

እናቴ ወረቀቱን አየችው። አልተቀበለችኝም። ከሰኞ ጀምሮ ያልቀየርኩት ሱሪ ጉልበቱ ላይ ያ ቀይ አቧራ አሁንም አለ። በመከራ ከበርጩማዋ ተነሣችና አጠገቤ መጣች። አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ጎንበስ አለች። ጉልበት መሳም የልጅ ነው፤ ልይዛት ስል ቀደመችኝ። ያን አቧራ ሳመችው።